ፒያሳ የነበሩት የሸክላ ማጫወቻ ባለሙያ አሁን ያሉት ቸርችል ጎዳና ነው

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ደግሞም ፒያሳ ሳሉ የሚያውቋቸው ደንበኞች አሁንም እየፈለጓቸው እንደሆነ ስለሰማሁ ነው። በ2016 ዓ.ም. የሠፈሩ ቤቶች ሲነሱ የእሳቸውም ሱቅ አብሮ ተነሣ። ሥራቸውን ግን አላቆሙም። ከቴዎድሮስ አደባባይ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስትወርዱ፣ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ጠባብ ክፍል ይዘዋል። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

አባዬ ከወጣትነቱ ጀምሮ ያስቀመጣቸው 60 ምናምን ሸክላዎች አሉት። አብዛኞቹ ትንንሾቹ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ናቸው። በጣም የሚሳሳላቸው የአምሃ ሪከርድስ ሥራዎች ናቸው። አምሃ እሸቴ ይህን ሸክላ አሳታሚ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1969 ሲጀምር ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በአዋጅ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ነበር። እሱ ግን ደፈረ። እዚህ ቀድቶ ህንድ አገር አሳትሞ አስመጣ። አባዬ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደነገረኝ አልቆጥረውም። እነዚህ ሸክላዎች ቢጫሩ ምትካቸውን ማግኘት ከባድ ነው።

ለ70ኛ ዓመቱ ደህና ማጫወቻ ልግዛለት ብዬ ሦስት ዓመት አጠራቀምኩ። አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። ከባድ ነው፤ ያምራል፤ በቺንጋ ነው የሚዞረው። የእኛ መብራት 220 ቮልት ስለሆነ ትራንስፎርመር ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰው "በዚህ አለቀ፣ ይሠራል" አለኝ። እውነትም ሠራ። ዘፈኑ ሲጀምር ግን አባዬ ቀና ብሎ አየኝ። "ይሄ የእሱ ድምፅ አይደለም" አለ። ዘፋኙ ይጎትታል። ድምፁ ወፍሯል። ክራሩም ሳክስፎኑም እንቅልፍ የመጣባቸው ይመስላል። ሰው ሳማክር ዕቃው ደካማ ነው፣ ከዚህ የሚበልጥ ግዢ ተባልኩ። ብሩንም ማፈላለግ ጀምሬ ነበር።

ጋሼ ጋ የወሰደኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ማጫወቻውን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ዋጋውም ስለ ስሙም አልነበረም። "ሸክላዎቹስ የታሉ ልጄ?" አሉኝ። አልያዝኩም ነበር። "እነሱን ሳላይ ምን ብዬ እመክርሻለሁ? ነገ ይዘሽ ነይ።"

በማግስቱ ሄድኩ። ከጋዜጣ ጠርዝ ቀጭን ቁራጭ ቀደዱና ሸክላው የሚቀመጥበት ሳህን ጫፍ ላይ በፕላስተር ለጠፉ። ስልኬን ሰጡኝና "አንድ ደቂቃ ያዢ" አሉ። ወረቀቷ በጣታቸው አጠገብ ባለፈች ቁጥር ጮክ ብለው ቆጠሩ። 45 መዞር የነበረበት 37 ተኩል ላይ ቆመ።

ከዚያ በእርጋታ አስረዱኝ። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ 50፤ ኸርዝ ማለት መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይነካውም። እንዲህ ዓይነቱ ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከኸርዙ ነው። ስለዚህ ከስድስት አንድ እጅ ይዘገያል፤ ድምፁም ከሦስት ሴሚቶን በላይ ይወርዳል። ዕቃው ምንም አልሆነም። የሚያስፈልገው ለ50 ኸርዝ የተሠራ፣ ከፊተኛው ሰፋ ያለ ፑሊ፣ ቺንጋውን የሚያዞረው ትንሽ ጎማ፣ ብቻ ነው። ሞተሩ ላይ የምትሰካ፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ነገር! ከአምራቹ አዘዝን፣ መጣች፣ በካቻቢቴ ፈተው ቀየሩልኝ።

እዚህ ላይ ነው ሰውየውን ያከበርኳቸው። መደርደሪያቸው ላይ ለሽያጭ ያስቀመጡት ቴክኒክስ የሚባል ማጫወቻ ነበር። እሱን ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር፤ እኔም ልገዛ ዝግጁ ነበርኩ። ከፍተው አሰሙኝ፣ ወደድኩትም። ሞተሩ ሳህኑን ያለ ቺንጋ በቀጥታ ነው የሚያዞረው። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የወጣው ኤስኤል 1200 ማርክ 2 የተባለው ሞዴሉ ፍጥነቱን የሚጠብቀው በኳርትዝ ስለሆነ ኸርዙ 50 ሆነ 60 ግድ የለውም። "ባዶ እጅሽን መጥተሽ ቢሆን ይሄን ውሰጂ እልሽ ነበር" አሉኝ። "አሁን ግን ያለሽ ይበቃል። ብሩን መርፌው ላይ አውዪው። ሸክላውን የምትነካው እሷ ናት።"

ሸክላዎቹን አንድ በአንድ በአጉሊ መነጽር አይተው ነበር። የአባዬ 45ዎች አብዛኞቹ ሞኖ ናቸው፤ እንደ ስቴሪዮ ግራና ቀኙ የተለያየ ሳይሆን አንድ ድምፅ ብቻ ያላቸው። የሞኖ ሸክላ ዘፈኑ ያለው መርፌዋ ወደ ጎን በምትወዛወዘው ውስጥ ብቻ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዘልላት አቧራና ጭረት ነው። የስቴሪዮ ካርትሪጅ፣ ማለትም መርፌዋን የያዘው ዕቃ፣ ሁለቱንም ያሰማል። የሞኖው ግን የጎኑን ብቻ ይሰማል። ስለዚህ ኦርቶፎን 2ኤም ሞኖ የሚባለውን ካርትሪጅ አስመጣሁ። ለትልልቆቹ ስቴሪዮ ሸክላዎች ደግሞ 2ኤም ብሉ። የእኔ ማጫወቻ የክንዱ ጫፍ ስለሚፈታ እንደ ሸክላው ዓይነት እቀያይራቸዋለሁ። በሞኖው ስንሰማ እንደ ጥብስ ይንጫጫ የነበረው ሸክላ ጸጥ አለ። እንዲህ ይለያያል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

አምፕሊፋየሬ ለሸክላ ማጫወቻ የሚሆን የፎኖ መግቢያ ስላልነበረው፣ የካርትሪጁን ደካማ ድምፅ የሚያጎላ ትንሽ ፎኖ ፕሪአምፕ ጨመርን። ያለሱ ድምፁ ቀጭንና ሩቅ ነው፤ እሱን ሳትይዙ ስለ ስፒከር አታስቡ።

ቤት ድረስም መጡልኝ። አራት ኪሎ ያለው ቤታችን የሳንቃ ወለል ነው። ሰው ሲራመድ መርፌዋ ትዘላለች። ግድግዳው ላይ መደርደሪያ አስመቱና በውሃ ልክ አስተካከሉት። ካርትሪጁን ከማስመሪያ ወረቀት ጋር አገናዝበው አሰሩት። መርፌዋ ሸክላው ላይ የምታርፍበትን ክብደት በትንሽ ሚዛን 1.8 ግራም ላይ አቆሙት። ከዚያ ጥዝዝ የሚል ድምፅ ነበር። ከማጫወቻው ኋላ የምትወጣዋን ቀጭን ሽቦ ፕሪአምፑ ላይ ባለው ብሎን ሲያስሩት ወዲያው ጠፋ። እኔ ያችን ሽቦ ትርፍ መስላኝ ጠቅልያት ነበር።

መጀመሪያ ያጫወቱት ያንኑ ሸክላ ነው፣ አባዬ የእሱ ድምፅ አይደለም ያለውን። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ ሸክላውን ራሱ ገልብጦ ጀርባውን አደረገ።

ሒሳብ ስጠይቅ የዕቃዎቹን ደረሰኝ አሳይተው የሁለት ቀን የእጅ ዋጋ ብቻ ተቀበሉኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን እጠቁማችኋለሁ። ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ይሻላል፤ ጠዋት ጠዋት ቤት ለቤት ይሠራሉ። ማጫወቻውን ስትወስዱ ሳህኑን ነቅላችሁ ለብቻው ጠቅልሉት፤ ክንዱን እሰሩት፤ የመርፌዋን ክዳን አትርሱ። ሸክላዎቻችሁንም ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እነሱን ነው።