የነርሲንግ ሥነ ምግባርና ሕግ ሥልጠና፦ ገንዘቡ ይገባዋል፣ ግን ትልቅ ነገር ጎድሎታል

ለሥራ ፈቃድ እድሳት የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ) ነጥብ ስናሟላ ብዙዎቻችን የምንመርጠው ቅርብ ያለውን፣ ቶሎ የሚያልቀውንና ሰርተፍኬቱ የማይዘገየውን ሥልጠና ነው። ዘንድሮ እኔ ሆን ብዬ «የነርሲንግ ሥነ ምግባርና ሕግ» የሚለውን መረጥኩ። የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ሜዲካል ዋርድ ነው። በአንድ ዱቲ (የሥራ ፈረቃ) ውስጥ ስንት ቦታ እንደምፈርም ነርስ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፤ እያንዳንዱ ፊርማ ሕግ ፊት ሲቀርብ ምን እንደሚሆን ቁጭ ብሎ ያስረዳኝ ሰው ግን አልነበረም።

ክፍያው ምሳና ሰርተፍኬትን ጨምሮ 3,000 ብር ነው። ለነርስ ደመወዝ ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም ይገባዋል እላለሁ። የማዕከሉን ስም አልጠቅስም፤ ጉድለቱንም ሳልሸፋፍን መጻፍ ስለምፈልግ ነው። በዚህ ርዕስ የሚያሠለጥኑ ሌሎችም ስላሉ የራሳችሁን ስትመርጡ ይህን እንደ መመዘኛ ያዙት።

ስለ ቦታው ብዙ የምለው የለኝም። አዳራሹ ንጹሕ ነው፣ ማይክሮፎኑ ይቆራረጣል፣ ምሳው የጾምም አለው።

ሥልጠናውን ያሳመረው የአሠልጣኞቹ ጥምረት ነው። አንደኛዋ ለረጅም ጊዜ ሜትሮን (የሆስፒታል ነርሶች ኃላፊ) ሆነው አገልግለው ጡረታ የወጡ ሲስተር ናቸው። ሁለተኛው ጠበቃ ነው፤ የሕክምና ስህተት ክርክሮችን በቅርብ የሚያውቅ። ሲስተር ያነሱትን ጉዳይ እሱ ወደ ሕጉ ይወስደዋል፤ እሱ ያነበበውን አንቀጽ እሳቸው አልጋ አጠገብ ያመጡታል። ሥነ ምግባርን ብቻውን «ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ሁኑ» እየተባልን ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል፤ ሕጉንም ብቻውን ብናነበው ያስፈራናል እንጂ ሥራችን ላይ አይጠቅመንም። እዚህ ሁለቱ አብረው መጡ።

ሲስተር የጀመሩት ስንመረቅ ሻማ ይዘን ካነበብነው ቃለ መሐላ ነው። የናይቲንጌል ይባላል እንጂ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1893 አሜሪካ፣ ዲትሮይት ውስጥ ባለ የነርሶች ማሠልጠኛ ነው። ምስጢር ስለመጠበቅና ጎጂ መድኃኒት ስላለመስጠት የሚናገረው ክፍል ዛሬም አይነካም። ግን ሐኪሙን በታማኝነት አግዛለሁ የሚልም አለበት። ሲስተር ከጎኑ ያስቀመጡት የዓለም አቀፉን የነርሶች ምክር ቤት የሥነ ምግባር ደንብ ነው፤ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1953 የጸደቀ፣ በ2021 የታደሰ። በዚህኛው የነርስ የመጀመሪያ ኃላፊነት እንክብካቤ ለሚያስፈልገው ሰው ነው። ከዚያ ዞር ብለው «ዶክተሩ ያዘዘውን ነው የሰጠሁት ብላችሁ የምትድኑ ይመስላችኋል?» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ምክንያቱም አብዛኞቻችን ይመስለን ነበር።

ጠበቃው መልሱን ከሁለት ቦታ አመጣው። የ1952 ዓ.ም.ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2031 በአንድ ሙያ የሚሠራ ሰው የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 2፣ የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሰው ከገደለ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት አስቀምጧል። ሕጉ በምሳሌነት የጠቀሰው ሐኪምንና አሽከርካሪን ነው፤ ነርስ የሚለው ቃል ስለሌለ ግን ነርስ ውጪ ናት ማለት አይደለም። ትእዛዙን የጻፈው ሐኪም በጻፈው ይጠየቃል፣ መድኃኒቱን የሰጠችው ነርስ በሰጠችው። ይህ ለእኔ የሥልጠናው አከርካሪ ነበር።

ለማስረጃ የቀረበው የአሜሪካው የቴነሲ ጉዳይ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ የሚሠሩ ጓደኞቼ ፍርዱ በተሰማ ሰሞን በስልክ ሲያወሩኝ የከረሙት ስለነበር ስሙ ለእኔ አዲስ አልነበረም፤ ዝርዝሩን ግን እዚህ ነው የተረዳሁት። ራዶንዳ ቮት የተባለች ነርስ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ፣ በቫንደርቢልት ሆስፒታል፣ ለ75 ዓመት ታካሚ ጭንቀት ማስታገሻውን ቨርሰድ ልትሰጥ የመድኃኒት ማውጫ ማሽኑ ላይ የስሙን የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት ጻፈች። ማሽኑ ቨርሰድን የመዘገበው ሚዳዞላም በሚለው ስሙ ስለነበር አላገኘችውም፤ መቆለፊያውን አልፋ ስትፈልግ በእነዚያው ፊደላት የሚጀምረው ቬኩሮኒየም መጣ። ቬኩሮኒየም ጡንቻን ሽባ አድርጎ ትንፋሽ የሚያቆም ነው። ቨርሰድ ፈሳሽ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ያኛው ግን መበጥበጥ ያለበት ዱቄት፤ ክዳኑም ላይ ማስጠንቀቂያ ነበረው። ታካሚዋ ሞቱ። ነርሷ ስህተቷን ራሷ ተናገረች። እ.ኤ.አ. በ2021 የሥራ ፈቃዷን ተነጠቀች፣ በ2022 በወንጀል ጥፋተኛ ተባለች፣ የ3 ዓመት የአመክሮ ቅጣት ተወሰነባት። ሆስፒታሉ በወንጀል አልተከሰሰም።

ክርክሩ ጦፈ። አንዱ «እውነቱን የተናገረ ከተቀጣማ ማን ይናገራል?» አለ። ሌላዋ «የሞቱትስ ሴትዮ?» አለች። ሲስተር ማንንም አላቋረጡም። በመጨረሻ ያሉት እኛ ጋ እንዲህ ያለ ማሽን ባይኖርም አንድ ትሪ ላይ ተመሳሳይ አምፑሎች ተደባልቀው እንደሚቀመጡ፣ ልብ ሊያቆም የሚችለው ያልተበረዘ ፖታሲየም ክሎራይድ ከሌላው ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ የተገኘበት ክፍል ሁሉ የራሱን ቴነሲ እየጠበቀ እንደሆነ ነው። በማግስቱ ዱቲ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት የኛን መደርደሪያ ነው።

ከሁሉም የወደድኩት የቻርት (የታካሚ መዝገብ) ልምምዱን ነው። የታካሚ ስም የተሸፈነበት የትእዛዝ ወረቀት በስክሪኑ ላይ ተለቀቀ፤ ኢንሱሊን። ከ10 ቀጥሎ «ዩኒት» ለማለት የተጻፈችው አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል አፏ ተገጥሞ ዜሮ መስላለች። ግማሾቻችን 10 ብለን አነበብን፣ ግማሾቻችን 100። 100 ዩኒት ማለት በተለመደው ኢንሱሊን ሙሉ 1 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሰው የሚገድል። የተነገረን ይህ ነው፦ «ዩኒት» የሚለውን በሙሉ ቃል ጻፉ፣ ያልተነበበላችሁን ትእዛዝ በግምት አትስጡ፣ ደውሉና ጠይቁ። በስልክ የመጣ ትእዛዝ ከሆነ መልሳችሁ አንብቡለት፣ ሰዓቱንና የሐኪሙን ስም ጻፉ፣ ሲመጣ አስፈርሙት። የተሳሳተ ጽሑፍ በኮሬክሽን አይጠፋም፤ በአንድ መስመር ተሰርዞ ከጎኑ ይፈረማል። ሳይሰጥ ቀድሞ መፈረም ደግሞ ፍርድ ቤት ሲደርስ የሐሰት ማስረጃ ማዘጋጀት እንደሚመስል ጠበቃው ሲያስረዳ ብዙ ሰው ማስታወሻ ሲጽፍ አየሁ። ቀጥሎ ያሳየን የቫይታል ሳይን (ትንፋሽ፣ የልብ ምትና የመሳሰሉት የሚመዘገቡበት) ቅጽ ነው። ከላይ እስከ ታች ትንፋሽ 20፣ 20፣ 20። «በዚህ ክፍል የተኛው ሁሉ እኩል ነው የሚተነፍሰው?» ብሎ ጠየቀ። ቅጹ ላይ አንድ እንዲህ ያለ ዓምድ ከተገኘ በእውነት የተለካውንም ቀሪውን የሚያምነው እንደማይኖር ያን ጊዜ ገባን።

ታካሚ ለሕክምና ወደሚሰጠው ፈቃድ ስንመጣ ሥልጠናው ደከመ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 20 ሰው ምርመራንም ሕክምናንም እምቢ የማለት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ይህ በደንብ ተነግሯል። ዋርድ ውስጥ ግን የፈቃድ ቅጹ ወደ ነርስ ይወረወርና «አስፈርሚያቸው» ይባላል። ሲስተር መስመሩን በግልጽ አሰመሩ፤ ነርስ ምስክር መሆን ትችላለች፣ ቀዶ ሕክምናውን የማስረዳት ግዴታ ግን የሚሠራው ሐኪም ነው። እናት አሻራቸውን ሊያሳርፉ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ አድርገው «ልጄ፣ ምኔን ነው የሚሠሩኝ?» ካሉ ቅጹን መልሶ ሐኪሙን መጥራት ነው። ይህን አሁን ያለ ፍርሃት አደርገዋለሁ።

ከዚያ አንዲት ካንሰር ክፍል የምትሠራ ነርስ ሁላችንንም የሚያስጨንቀውን አነሳች። ልጆች ኮሪደር ላይ ጠብቀው «እናታችን ካንሰር መሆኑን እንዳታውቅብን፣ ከሰማች ትሞትብናለች» ይላሉ። እናትየው ደግሞ ማታ፣ ሰው ሲቀንስ፣ «ሲስተርዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ምንድነው ያለብኝ?» ትላለች። እኛ መርዶን እንኳ በማለዳ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ የምንነግር ሰዎች ነን። ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ እናታቸውን የሚጠብቁበት መንገድ እሱ ነው። የሥልጠናው ጽሑፍ ለዚህ የያዘው አንድ ስላይድ ብቻ ነበር፤ «የታካሚው መብት ነው፣ ይነገረው»። ይህ መልስ ትክክል ቢሆንም ኮሪደሩ ላይ የቆመችውን ነርስ አያግዛትም።

ሲስተር ከስላይዱ ወጥተው የተናገሩት ግን ከሙሉ ጥራዙ ይበልጣል። ምርመራው ሳይጠናቀቅ፣ ገና ውጤት ሳይመጣ፣ ታካሚዋን ራሷን ጠይቁ አሉ። «እማማ፣ ስለ ሕመምዎ እርስዎ ራስዎ እንዲነገርዎ ይፈልጋሉ ወይስ ለልጅዎ እንድንነግርልዎ?» መልሳቸውን በቃላቸው ቻርቱ ላይ ጻፉ። «ለልጄ ንገሩልኝ» ካሉ ይህም መብታቸው ነው፣ ልጅየውም ያለ ጭንቀት ይሰማል። «እኔው ልወቅ» ካሉ ልጆቹን ቁጭ አድርጋችሁ እናታቸው ራሷ የመረጠችው መሆኑን አሳዩአቸው። ምርመራውን የሚነግረው ሐኪሙ ነው፤ እናንተ አጠገቧ ሁኑ፣ እጇን ያዙ፣ እሱ ሲወጣ አትውጡ። በቀጥታ ስትጠይቃችሁ ግን ምንም የለብሽም ብላችሁ አትዋሹ። ይህ ጉዳይ ግማሽ ቀን ሊሰጠው ይገባ ነበር። በተግባር ልምምድ፣ አንዱ ልጅ አንዷ እናት ሆነው ቢሠሩት ኖሮ ምን ያህል ሰው ይማርበት ነበር!

የምስጢር ጥበቃው ክፍል አጭር ነበር፤ በቂም ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን ያስቀጣል። ቁስል ፎቶ አንስቶ ለምክክር ብሎ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መልቀቅ ፊት ባይታይም ምስጢር ማውጣት ሊሆን እንደሚችል በደንብ ተነገረን፤ አልጋ ቁጥሩ፣ ቻርቱ፣ ብርድ ልብሱ ሳይቀር ሰውየውን ያሳውቃል።

አሁን ወደ ትልቁ ጉድለት። ሥልጠናው ሙሉውን ጊዜ ያወራው ስለ ነርሷ ተጠያቂነት ነው። አንዲት ነርስ ሌሊት ሙሉ ዋርድ ይዛ፣ ኦክስጅን የሚፈልግ፣ ኮማ ውስጥ ያለ፣ ደም የሚወስድ ታካሚ በአንድ ጊዜ እየፈለጋት ስትሳሳት የቀጣሪው ድርሻ ምንድነው? በስላይዶቹ ላይ የለም። ሻይ ሰዓት ላይ ጠበቃውን ጠየቅኩት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2651 የጤና ተቋም በቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳት ሠራተኞች ጥፋት ታካሚ ላይ ለሚደርስ ጉዳት በፍትሐ ብሔር ተጠያቂ እንደሚያደርገው ወዲያው ነገረኝ። ታዲያ ይህ ለምን ሻይ ሰዓት ድረስ ይጠብቃል? አዳራሹ ውስጥ ለተቀመጠው ሁሉ ሊነገር የሚገባው ይህ ነበር። የሰው ኃይል እጥረትን በጽሑፍ ለኃላፊ እንዴት እናሳውቅ፣ ስህተት ሊሆን ሲል የተረፈውን እንዴት እንመዝግብ፣ ጎጂ የመሰለንን ትእዛዝ ምን ብለን እንመልስ የሚለው ልምምድ አልነበረም። «እምቢ በሉ» ማለት ቀላል ነው፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲኒየሩን እምቢ የምትለው ጀማሪ ነርስ ምን እንደምትናገርና የት እንደምትጽፍ ካላወቀች ትሰጣለች።

የተሰጠን ጥራዝም መታደስ አለበት። አሁንም የሚጠቅሰው የቀድሞውን የጤና ቁጥጥር አዋጅ 661/2002ንና ደንብ 299/2006ን ብቻ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ የለበትም። የሕግ ሥልጠና ሽጦ አዲሱን ሕግ አለመያዝ ተገቢ አይደለም። አንቀጾቹም በእንግሊዝኛ ብቻ ቀርበዋል፤ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ በሁለቱ መካከል ልዩነት ቢኖር የሚጸናው አማርኛው ነውና አማርኛውን ከጎኑ ማተም ይገባቸው ነበር። ማጠቃለያ ፈተናው መጀመሪያ ላይ የሰጡን ያው የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ያን ያህል ጥሩ የቻርት ልምምድ ሰጥተው አንድ ቻርት አስጽፈው አለማረማቸው ያሳዝናል።

ገና ሥራ ለጀመረች ነርስ ውሰጂ እላታለሁ፤ ለሄድ ነርሶች ደግሞ ከማንም በላይ ያስፈልጋቸዋል፣ ትሪውንና መደርደሪያውን የሚያስተካክሉት እነሱ ናቸውና። የትኛውም ማዕከል ከመመዝገባችሁ በፊት ደውላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሕጉን የሚያስተምረው የሕግ ባለሙያ ነው? ጥራዙ የ2017ቱን አዋጅ ይዟል? የተቋሙ ተጠያቂነት በርዕሶቹ ውስጥ አለ? ለሦስተኛው «የለም» ካሏችሁም ተመዝገቡ፣ ግን አንቀጽ 2651ን ይዛችሁ ግቡና በመጀመሪያው ሰዓት እጃችሁን አውጡ።