ፑንቲና ወይስ ኤሌክትሮኒክ? ለአሮጌው ላንድክሩዘር የቱ ያዋጣል

አሮጌ ላንድክሩዘር የገዛ ጓደኛ ሁሉ ውሎ አድሮ ይህችኑ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፦ «ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ቤንዚን ይጠጣል፣ ፑንቲናውን አውልቄ ኤሌክትሮኒክ ላስገባበት?» ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደግመው አንዴ ጽፌ ልገላገል። ፑንቲና ማለት ብልጭታውን ለየካንዴላው በሚያከፋፍለው ዲስትሪቡተር ውስጥ እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታ የሚያስነሳው መገናኛ ነው፤ ኤሌክትሮኒኩ ያንኑ ሥራ ያለ ንክኪ ይሠራል። ሚኒሞ ደግሞ ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛው ዙር ነው። የማወራው ኤፍጄ40 ስለሚባለው ላንድክሩዘር ነው፤ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ስለገባለት ባለ 4.2 ሊትሩ 2ኤፍ ሞተር።

ከወዲሁ ልናገር፣ እኔ የፑንቲና ወገን ነኝ።

ዋጋውን እናስቀድም፣ ሰው የሚሸወደው እዚያ ላይ ነውና። ስም የሌለው አዲስ ኤሌክትሮኒክ ዲስትሪቡተር «ሙሉ ዕቃ፣ ግዛና ግጠም» ተብሎ ሲቀርብ ርካሽ ይመስላል። በዚያው ገንዘብ ግን ኦሪጅናል ፑንቲና፣ ኮንደንሰር (ፑንቲናው እንዳይቃጠል የሚጠብቀው)፣ ካፕ (የዲስትሪቡተሩ ክዳን) እና ሮተር (ከሥሩ የሚዞረው) ገዝታችሁ ብዙውን ጊዜ ለስድስት ካንዴላ የሚሆን ይተርፋችኋል። በካፑ ሥር የሚገባው የታወቀ ድርጅት ኤሌክትሮኒክ ኪት ደግሞ ብቻውን የብዙ ፑንቲና ዋጋ ነው። ፑንቲና ደግሞ በየወሩ የሚቀየር ዕቃ አይደለም፤ በአግባቡ ከተገጠመና ቅባቱን ካገኘ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አስሉት፤ ኪቱ ወጪውን ሳይመልስ መኪናው ሌላ ሰው እጅ ሊገባ ይችላል።

አሁን ወደ ኮፒው፣ ማለትም ወደዚያ ስም የሌለው ዲስትሪቡተር። ሲታይ ያምራል፣ አካሉ ያበራል፣ ካፑ ቀይ ወይም ሰማያዊ ነው። አንድ ወዳጄ ይህን ገጥሞ ከተማ ውስጥ በደስታ ነዳው፤ ዳገት ላይ ጭነት ሲበዛበት ሞተሩ መንኳኳት ጀመረ። ብልጭታውን ሚኒሞ ላይ ሲለኩት ልክ ነው፣ ዙር ሲጨምሩ ግን ከሚገባው በላይ ይቀድማል። ሳህኑን አንስተን ውስጡን ስናይ፣ ዙር ሲጨምር ብልጭታውን የሚያስቀድሙትን ክብደቶች ከሚይዙት ሁለት ስፕሪንጎች አንዱ ልል ሆኖ ተንጠልጥሏል። ስፕሪንጎቹ ለዚህ ሞተር ተብለው የተመረጡም አይመስሉም። ሻጩ «ኤሌክትሪክ ነክ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ሸኘው። መጨረሻ ላይ አሮጌውን ዲስትሪቡተር ከመጋዘን አውጥቶ አሳድሶ ገጠመው፤ ሁለቴ ከፈለ ማለት ነው።

የማይጠቅም መስሏችሁ አሮጌውን ዲስትሪቡተር በፍጹም አትሽጡ፣ አትጣሉ። ዘንጉን በጣታችሁ ወደ ጎን ግፉት፤ የሚሰማ ልቅነት ከሌለው ጤነኛ ነው። የቫኩም ቧንቧውን በአፋችሁ ሳቡት፤ ሳህኑ ከተንቀሳቀሰና ስቦ ከያዘ ድያፍራሙም ደህና ነው። እነዚህን ሁለቱን ካለፈ፣ የሚለወጡት ርካሽ ርካሾቹ ብቻ ናቸው።

ርካሾቹም ቢሆኑ ኮፒ አላቸው፣ ያውም ኦሪጅናል በሚመስል ካርቶን። ከካርቶኑ ይልቅ ዕቃውን እዩ። የፑንቲናው ሁለት ፊቶች ሲገጥሙ ሙሉ ለሙሉ ፊት ለፊት መሆን አለባቸው፤ ጠርዝ ለጠርዝ የሚነካካ ከሆነ መልሱት። በካሙ (ፑንቲናውን በሚከፍተው የዘንጉ ጉብታ) ላይ የሚሄደው ተረከዙ ሻካራ ወይም ለስላሳ ፕላስቲክ ከሆነ ቶሎ ያልቃል፤ እሱ ባለቀ ቁጥር ክፍተቱ ይጠባል፣ ብልጭታው ይዘገያል፣ መኪናው ጉልበት ያጣል። ብዙ ሰው «ፑንቲና ቶሎ ቶሎ ይበላሻል» የሚለው ይህን ኮፒ ገዝቶ ነው። ኮንደንሰሩ የባሰ ነው። የኮፒ ኮንደንሰር ሽቦ ከሥሩ ሲነቀነቅ ይታወቃል፤ ሲሞት ደግሞ የፑንቲናውን ፊት አቃጥሎ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ካጠረ በካንዴላ ቆጥቡ እንጂ በኮንደንሰር አትቆጥቡ።

አገጣጠሙ ላይ ብዙ አልልም፤ አንድ ነገር ግን ማንም ስለማይናገረው ልበል። ክፍተቱን 0.45 ሚሊ ሜትር ላይ ስትለኩ መለኪያው ላይ ያለው የዘይት ፊልም በፑንቲናው ፊት ላይ ይቀራል። ዘይቱ ሲቃጠል ፊቱን ያጠቁረዋል፣ ብልጭታው ይደክማል፣ ከዚያ «አዲሱ ዕቃ ተበላሸ» ይባላል። ለክታችሁ ስትጨርሱ ንጹሕ ነጭ ወረቀት በመሃሉ አስገቡና ፑንቲናውን ዝጉት፣ ቀስ ብላችሁ ወረቀቱን ሳቡት። ወረቀቱ ላይ ጥቁር መስመር እስኪጠፋ ድገሙት። ካሙ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ግሪስ በቂ ነው፤ ከበዛች ተረጭታ ፑንቲናው ላይ ታርፋለች። ድዌል (ፑንቲናው ተዘግቶ የሚቆይበት ማዕዘን) መለኪያ ያለው 41 ዲግሪ ላይ ያረጋግጥ። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ተረከዙ ቦታውን ስለሚይዝ እንደገና ለኩት።

የብልጭታው ጊዜ የሚታየው ፊት ለፊት ፑሌው ላይ ሳይሆን ከኋላ፣ በካምቢዮው ቤት መስኮት በኩል ቮላኖው (ከሞተሩ ኋላ የሚዞረው ከባድ የብረት ጎማ) ላይ ነው። እዚያ ላይ የተቀበረች ትንሽ የብረት ኳስ አለች፤ ነጭ ቀለም ቀቧት። መስመሯ ፒስተኑ ጫፍ የሚደርስበት ነው፣ ኳሷ ደግሞ ከጫፍ በፊት 7 ዲግሪ። የቫኩም ቧንቧው ተነቅሎ ተደፍኖ፣ ሞተሩ 650 ዙር አካባቢ እየዞረ ኳሷ ጠቋሚው ፊት ስትቆም ዲስትሪቡተሩን እሰሩ።

ለኤሌክትሮኒክ ፍትሐዊ ልሁን። የሚያልቅ ተረከዝ የለውም፣ ዘንጉ ትንሽ ቢላላም ብልጭታው ብዙ አይዘበራረቅም፣ ጠዋት በብርድ ቶሎ ይነሳል። ይህን አልክድም። ችግሩ አሟሟቱ ነው። ፑንቲና ሲታመም ቀስ ብሎ ይናገራል፤ ይንቀጠቀጣል፣ ይደክማል፣ መንገድ ላይ በጥፍር ሞረድ አሽታችሁ ቤት ትገባላችሁ። የኤሌክትሮኒኩ ሞጁል ግን ድንገት ዝም ይላል፣ ከዚያ በኋላ ካቻቢቴ ይዞ መቆም ምንም አይፈይድም። ቁልፉን ሞተሩ ሳይነሳ ከፍቶ መተው ብቻ አንዳንዱን ኪት ያቃጥለዋል። በዚያ ላይ ቦቢናው (ለብልጭታው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው) ኮረንቲ የሚቀንስ ሬዚስተር ይፈልጋል አይፈልግም የሚለው ጣጣ አለ፦ ሬዚስተሩን ለኪቱ ብለው ዘለውት በኋላ ወደ ፑንቲና ሲመለሱ ሳይመልሱት የሚተዉ አሉ፤ ያኔ አዲሱ ፑንቲና በአጭር ጊዜ ይቃጠላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቫልቮቹን ለኩ። «ኤሌክትሮኒክ ላስገባ» ብለው የሚመጡት ብዙዎቹ ችግራቸው ብልጭታ ላይ አይደለም። ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ ማስገቢያው 0.20፣ ማስወጫው 0.35 ሚሊ ሜትር። አንደኛውን ሲሊንደር ጫፍ አድርሳችሁ ከአሥራ ሁለቱ ቫልቮች ግማሹን፣ አንድ ሙሉ ዙር አዙራችሁ የቀረውን ግማሽ። ወጪው አንድ የክዳን ጓርኒሲዮን ነው። ቀጥሎ የአየር መግቢያና የጭስ ማኒፎልዱ ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ የካርቡሬተር ማጽጃ እርጭ አድርጉ፤ ይህን ግን የቀዘቀዘውን ሞተር አስነስታችሁ ገና ሳይግል ብቻ፣ በጋለ ማኒፎልድ ላይ እሳት ይነሳል። ስትረጩ ዙሩ ከተለወጠ አየር ይስባል፤ ሁለቱ አንድ ጓርኒሲዮን ስለሚጋሩ ብሎኖቹ መላላታቸው የተለመደ ነው። ማጥበቅ ነፃ ነው።

ካርቡሬተሩም ላይ ምርጫው ያው ነው። ኮፒው ከመጠገኛ ኪቱ በብዙ ይወደዳል፣ ግን የስሮትል ዘንጉ ከአዲስ ልቅ ሆኖ የሚመጣ አለ፣ ፍሎት መርፌው የሚያፈስ አለ፣ ጂግለሮቹ (ቤንዚኑን የሚመጥኑት ቀዳዳዎች) ደግሞ የሞተሩን ልክ የማያውቁ። ኦሪጅናሉ ካርቡሬተር፣ አይሳን የተባለው፣ ዘንጉ ካልተበላ በቀር አጥቦ ኪት ማስገባት ይበቃዋል። ሚኒሞ ላይ እየጠፋ ካስቸገራችሁ ሳትፈቱት ቁልፉን ክፈቱና ጎኑ ላይ ያለውን ሶለኖይድ (ቁልፉ ሲከፈት የሚኒሞውን ቤንዚን የሚለቀው) አድምጡ፤ ጠቅ ካላለ ወይ ሽቦው ወይ እሱ ነው።

ኤሌክትሮኒክ ካላገኘሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ለሚል አንድ መንገድ ብቻ እመክራለሁ፦ ፋብሪካው ራሱ ለኋለኞቹ 2ኤፍ የሠራው፣ ኤፍጄ60 በተባለው ላንድክሩዘር ላይ የሚገኘው ያገለገለ ዲስትሪቡተር። ከኮፒው ይወደዳል፣ ስፕሪንጎቹ ግን ለሞተሩ የተሠሩ ናቸው። ዲስትሪቡተሩን ብቻ ነጥሎ የሚሸጥላችሁን አትግዙ፤ ኢግናይተሩ (የኤሌክትሮኒክ ሳጥኑ) እና ቦቢናው አብረው ካልመጡ ለብቻ መፈለጉ ከዲስትሪቡተሩ በላይ ያስወጣል። ገዝታችሁ ከገጠማችሁም የድሮውን ከነፑንቲናው በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከመቀመጫው ሥር አስቀምጡት።