ሐዋሳ የአእምሮ ሐኪም ለምትፈልጉ፦ እኚህን ሴት ሳላመሰግን አላልፍም

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ልጻፍ አልጻፍ ብዬ ብዙ አመንትቻለሁ። ሐዋሳ እንደምታውቋት ናት፤ ፒያሳ ላይ የተወራ ማታ አላሙራ ይደርሳል። ግን እኔ እንደተንከራተትኩት ሌላ ሰው አይንከራተት።

ባንክ ካሸር ነኝ። መስኮት ላይ የሠራ ያውቀዋል፣ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ከጎደለ ከኪስህ ነው። አንድ ቀን ደህና ብር ጎደለ። እንዴት እንደጎደለ እስካሁን አልታወቀም። ከደሞዜ እየተቆረጠ ተከፈለ። ከዚያ በኋላ እጄ እምቢ አለኝ። አንዱን እስር ብር እየመላለስኩ እቆጥራለሁ፣ ሰልፉ ያጉረመርማል፣ ልቤ ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ሌሊት እንቅልፍ የለም። ጠዋት የባንኩን በር ሳይ ሆዴ ይገለባበጣል።

የሄድኩባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም። አንዱ ጋ ታይፎይድ ነው ተባልኩ። (ታይፎይድ ነው ያልተባለ ኢትዮጵያዊ ካለ እጁን ያውጣ!) ሌላው ጋ ጨጓራ። በመጨረሻ የተላክሁበት ሰውዬ ከወረቀቱ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። "ሥራ ጠልተሽ ፈቃድ ፈልገሽ ነው አይደል?" አለኝ፣ ባለቤቴ ፊት። ወጥቼ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የባሰው ደግሞ ኋላ መጣ። የሰጠኝ ወረቀት ላይ የበሽታው ስም በትልቁ ተጽፎበታል። ለመሥሪያ ቤት በሰጠሁት ማግስት ሻይ ክፍል ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም። "አበደች" ተባለ። የከፈልኩት ብር አይቆጨኝም፣ ይቺ ግን ዛሬም ታንገበግበኛለች።

ዶክተሬን የጠቆመችኝ ጎረቤቴ ናት። ሳይካትሪስት ናቸው። ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ብለውኛል፣ ቃላቸውን አከብራለሁ።

መጀመሪያ ምን ያምሻል አላሉኝም። "ሥራሽን ንገሪኝ" አሉኝ። ስንት ሰዓት ትገቢያለሽ? ምሳ መቼ ትበያለሽ? ስትወጪ ማን ይተካሻል? ጉድለት ሲመጣ ማነው የሚያናግርሽ? ከዚያ ጠረጴዛቸው ላይ ከነበረው ባዶ ወረቀት አንድ ክምር አንስተው ሰጡኝና "እስቲ ቁጠሪልኝ" አሉኝ። መቁጠር ጀመርኩ። ደህና ሄጄ ሄጄ እጄ ያ መንቀጥቀጡን ጀመረ። ተመልሼ ከአንድ ልጀምር ስል "በቃ፣ አየሁት" አሉኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ስዞር ማንም ሰው "አየሁት" ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ባለቤቴ ደግሞ ደግ ሰው ነው፣ ግን ይቸኩላል። "ዶክተር፣ ስድስት ወር ይጻፉላትና ትረፍ። ሥራው ነው ያሳመማት ብለው ይጻፉ" አላቸው። እሳቸውም "ያየሁትን እጽፋለሁ፣ ያላየሁትን አልጽፍም። ደግሞ ቤት በቆየች ቁጥር መመለሱ ይከብዳታል" አሉት። እሱ ትንሽ ከፋው። እኔ ግን ያኔ ነው ያመንኳቸው። ጥቂት እረፍት ሰጡኝ፣ ከዚያ ለመመለሻዬ ደብዳቤ ጻፉልኝ።

ስለ ደብዳቤው ማውራት አይሰለቸኝም። ማህተም ሳይመቱበት ቃል በቃል አነበቡልኝ። የበሽታ ስም የለበትም። ለጊዜው ጥሬ ገንዘብ ላይ እንዳልቀመጥ፣ የሰነድ ሥራ መሥራት እንደምችል፣ እንደገና የምታይበት ቀን፣ በቃ ይኸው ነው። "አለቃሽ ማወቅ ያለበት ምን መሥራት እንደምትችይና እንደማትችይ ነው። የቀረው የእኔና ያንቺ ነው" አሉኝ። አንዷን ቃል አልወደድኳትም ነበር፣ አላሳፈሩኝም፣ ቀይረው እንደገና ጻፉት። እናቴ ትሙት፣ እንደዚህ ያከበረኝ ሐኪም አላየሁም።

የመድኃኒቱን ስም አትጠይቁኝ፣ በደንብ አልጠራውም። ለውጡ በአንድና በሁለት ቀን አይመጣም፣ ሳምንታት ይፈልጋል ብለው ቀድመው ስለነገሩኝ ተስፋ አልቆረጥኩም። ተሻለኝ ብለሽ በራስሽ እንዳታቋርጪ አሉኝ። እናቴ ጸበል ትጠጣ ስትላቸውም አልተቆጡም፣ "ጸበሉንም ትጠጣ፣ መድኃኒቷንም ትዋጥ" ነው ያሉት።

ሕግ የተማረው የእህቴ ልጅ የነገረኝንም ልጨምር፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከታመመ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ፣ የመጨረሻው ሦስት ወር ያለ ደሞዝ ነው። የአእምሮ ሕመምም ሕመም ነው። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ 568/2000 ደግሞ የአእምሮ ጉዳትንም ያካትታል። እኔ እግርና ዓይን ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ሥራ ላይ ነኝ። መጀመሪያ ሰነድ ክፍል ቆየሁ፣ ቀስ በቀስ ወደ መስኮት ተመለስኩ። ወር መጨረሻ ደሞዝ ሲወጣና ሰልፉ በሩን ሲያልፍ አሁንም ይጨንቀኛል። ግን ቆጥሬ እዘጋለሁ።

እባካችሁ ሂዱ። ወንድሞቼም፣ "ወንድ ልጅ" ምናምን እያላችሁ አትቀመጡ፣ ሂዱ። ስትሄዱ የድሮ ወረቀታችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ያዙ፣ ይጠይቃሉ። ሥራችሁንም በዝርዝር ንገሯቸው። ሰኞ ወረፋ አለ፣ ሌላ ቀን ይሻላል። አድራሻውን በውስጥ መስመር እልካለሁ፣ ኮሜንት ላይ ግን የማንንም ስም እንዳትጽፉ አደራ።

ዶክተርዬ፣ ይህን ካዩት፣ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ። ልጆችዎን ይባርክልዎ።