የልጄ አልጋና የክፍሏ ዕቃ ከ11 ወር በኋላ

ልጄ በዚህ ሳምንት 11 ወር ሞላት። አልጋዋን የገዛነው ከመወለዷ 2 ወር ቀደም ብለን ስለሆነ በደንብ አውቀዋለሁ። ተኝታበታለች፣ ነቅንቃዋለች፣ ነክሳዋለች።

አልጋው የእንጨት ነው፣ ፍራሹ የሚያርፍበት ወለል 3 ከፍታ አለው፣ ጎኖቹ አይንቀሳቀሱም። መጀመሪያ የፈለግኩት ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተተውን ነበር፣ ከወለድኩ በኋላ ጎንበስ ማለት ይከብደኛል ብዬ። በኋላ ሳነብ አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ዓይነት አልጋ መሸጥ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ክልክል መሆኑን አየሁ። ማያያዣው ሲላላ ወይም ሲሰበር ጎኑ ይለቅና ሕፃኑ ክፍተቱ ውስጥ ይጣበቃል፣ በዚህ የሞቱ ልጆች አሉ። በቃ፣ ተውኩት። ጎንበስ ማለቱም እንደፈራሁት አልሆነም፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ወለሉ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ እጄ በቀላሉ ይደርስባት ነበር።

ልትገዙ ስትሄዱ ሜትር ያዙ። በዘንጎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሳንቲሜትር እንዳይበልጥ፤ ሰፊ ከሆነ የሕፃን ገላ ሾልኮ ጭንቅላቱ ሊያዝ ይችላል። ፍራሹ ደግሞ ልክክ ማለት አለበት። ጠርዙ ላይ ከሁለት ጣት በላይ ከገባ ትንሽ ነው ማለት ነው። እኛ መጀመሪያ ያመጣነው ፍራሽ በአንድ በኩል ሙሉ መዳፌን አስገባ፣ ሲጫኑትም ይሰምጣል። መለስነውና ጠንካራውን ወሰድን። እናቴ በእጇ ጫን አድርጋ አየችውና "ምነው ልጄ፣ ድንጋይ ላይ ልታስተኛት ነው?" አለችኝ። ለትንሽ ልጅ ግን የሚመከረው ጠንካራና ዝርግ ፍራሽ ነው፣ በጀርባዋ፣ ያለ ትራስ፣ ያለ ብርድ ልብስ፣ ያለ አሻንጉሊት። ከአልጋው ጋር የመጣውን ዙሪያውን የሚታሰር ስፖንጅም ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ አስቀረነው።

አሁን ስህተታችንን ልንገራችሁ። መቀመጥ ስትጀምር ወለሉን አንድ ደረጃ አወረድነውና ረሳነው። 8 ወር ሊሞላት ሲል አንድ ጠዋት ስገባ ሁለት እግሯ ላይ ቆማ፣ የላይኛውን እንጨት በሁለት እጇ ይዛ ትጠብቀኛለች። እንጨቱ ደረቷ ጋ ነው የሚደርሰው። ትንሽ ጠለቅ ብላ ብታዘነብል በጭንቅላቷ ነበር የምትወርደው፤ እስካሁን ሳስበው ሆዴ ይላወሳል። ወለሉን ማውረድ 4 ብሎን መፍታት ብቻ ነው፣ ግን ቁልፉ ጠፋ። ባለቤቴ ሲፈልግ ዋለ፣ እሷም የቀን እንቅልፏን እቅፌ ውስጥ ጨረሰች። ቁልፉን አልጋው ሥር በፕላስተር ለጥፉት፣ ወለሉንም ለመቆም ሳትሞክር በፊት ወደ መጨረሻው ዝቅታ አውርዱት።

ብሎኖቹ ይላላሉ። ልጅ አልጋውን ይዛ ስትነቀንቅ ቀስ በቀስ ነው የሚፈቱት፣ እኛ አልጋው ሲጮህ ነው የነቃነው። አሁን በየወሩ አጠብቃቸዋለሁ። በጣም ያናደደኝ ግን ቀለሙ ነው። ጥርስ ስታወጣ የላይኛውን እንጨት ትግጠው ጀመር፣ አንድ ቀን የጥፍር ጫፍ የምታክል ነጭ ቅራፊ ከንፈሯ ላይ አገኘሁ። ወዲያው የሲሊኮን መሸፈኛ ገዝተን አለበስነው። እንደገና ብገዛ ከመጀመሪያው ከነመሸፈኛው ነው።

ዳይፐር መቀየሪያው ጠረጴዛ 4 ወር አገለገለ። መገላበጥ ስትጀምር ምንጣፍ መሬት ላይ አንጥፌ መቀየር ጀመርኩ፣ ጠረጴዛው ባይገዛም ይቻል ነበር። የሚወዛወዘው ወንበር ግን እስካሁን ማታ ማታ የማጠባበት ነው፣ ወገቤን ያተረፈልኝ እሱ ነው። ለብቻዋ ቀለም ቀብተን ያዘጋጀነው ክፍል ደግሞ የልብስ ማስቀመጫ ሆኖ ቀረ። ቢያንስ እስከ 6 ወር አልጋዋ ከወላጅ ጋር አንድ ክፍል ቢሆን ይመከራል፣ እኛም እስካሁን አላወጣናትም።

ባለመሳቢያውን ቁምሳጥን ከግድግዳ ጋር እሰሩት። ይህን አደራ እላለሁ። ባለፈው ሳምንት የታችኛውን መሳቢያ ስባ ከፍታ፣ ጠርዙን ተደግፋ ቆመች። ቁምሳጥኑ ንቅንቅ አላለም፤ ባለቤቴ ገና ሳትወለድ ነው በብረት ከግድግዳው ጋር ያሰረው።

አልጋው ላይ ቁመቷ 90 ሳንቲሜትር ገደማ እስኪደርስ ወይም እግሯን በጎኑ ላይ ማንሳት እስክትሞክር ትተኛለች። ትናንት ለካኋት፣ 73 ናት።