ከማረሚያ ቤት መሸጫ የተገዛ ጋቢና መደርደሪያ

በወሎ ከሚገኙት ማረሚያ ቤቶች በአንዱ መግቢያ አጠገብ የሕግ ታራሚዎች የሠሯቸው ዕቃዎች የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ አለች። ከዚያ አንድ ጋቢ ገዝቼ፣ አንድ የመጻሕፍት መደርደሪያም አሠርቻለሁ። ስለ ዕቃዎቹ ብቻ ሳይሆን ስለ ማረምና ማነጹ አገልግሎትም የምጽፈው፣ በዚያ ሱቅ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለሁለቱም ስለሆነ ነው።

ጋቢው ግሩም ነው። ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ ግን በእጅ የተፈተለ ጥጥ ሲሆን፣ ወደ ብርሃን አንሥቼ ስመለከተው የሳሳ ቦታ አላገኘሁበትም፤ ከታጠበ በኋላም ጠበቅ አለ እንጂ አልተጣመመም። የደሴን ብርድ ይችላል። የተለጠፈው ዋጋ የመጨረሻ ነው፤ እንደ እኔ መከራከር ለማይሆንለት ሰው ይህ ራሱ ዕረፍት ነው።

መደርደሪያው ከዋንዛ ጣውላ የተሠራ ነው። ማጋጠሚያዎቹ በምስማር ሳይሆን በወንዴና ሴቴ ተገጥመው በኮላ የተያያዙ ናቸው። ደንበኛው ከአናጺው ጋር ስለማይገናኝ የሰጠሁት ንድፍ በሠራተኛ እጅ ወደ ውስጥ ገባ፤ ሲመለስም በኅዳጉ ላይ በእርሳስ «የታችኛው ስንት መጽሐፍ ይሸከማል?» የሚል ጥያቄ ተጽፎበት ነበር። ብዙ እንደሚሸከም ስጽፍለት ጣውላውን አወፍሮታል። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አናጺ ውጭም አላጋጠመኝም። ይሁንና ዕቃው ከተባለው ቀን እጅግ ዘግይቶ የደረሰ ሲሆን፣ የታችኛው ገጽም በብርጭቆ ወረቀት ሳይለሰልስ ቫርኒሽ ስለተቀባ እጅ ይቧጥጣል።

ሥራው ለታራሚው ከጊዜ ማሳለፊያ በላይ ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ መሠረት፣ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን፣ ዕድሜ ልክ ከሆነም 20 ዓመት የፈጸመ ሰው በአመክሮ ሊፈታ የሚችለው በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን ሲያሳይ፣ ላደረሰው ጉዳትም አቅሙ የፈቀደውን ያህል ሲክስ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 አሻሽሎ ያጸደቃቸውና በኔልሰን ማንዴላ ስም የሚጠሩት የእስረኞች አያያዝ ደንቦች ደግሞ፣ የታራሚው ሥልጠና ለትርፍ ሲባል ወደ ኋላ እንዳይባል፣ ከሚገባው ክፍያም ከፊሉን ለቤተሰቡ እንዲልክ እንዲፈቀድለት፣ ከፊሉም ሲፈታ እንዲሰጠው እንዲቀመጥለት ያዝዛሉ። ሻጯን «እህቴ፣ ከዚህ ዋጋ ለሠሪው ስንት ይደርሰዋል?» ብዬ ብጠይቃት «ድርሻ አላቸው፣ ጋሼ» ከማለት አላለፈችም። ይህን የሚገልጽ አንድ ወረቀት ግድግዳው ላይ ቢለጠፍ ገዢው እየበዛ እንጂ እየሸሸ አይሄድም።

ዋናው ቅሬታዬ ሕክምናውን ይመለከታል። ስለ እንጨት ሥራው፣ ስለ ብረታ ብረቱ፣ ስለ ሽመናውና ስለ ቀለም ትምህርቱ በሰፊው ያስረዱኝ ሰዎች፣ በመጠጥ ወይም በጫት ሱስ ወደ ወንጀል የገባ ታራሚ ምን እንደሚደረግለት ስጠይቅ «ምክር ይሰጠዋል» ብለው ዝም አሉ። ሱስ በአጥር ስለተከለከለ ብቻ አይድንም፤ ሰውየው በር ላይ ሲለቀቅ የቀድሞው መንደሩና የቀድሞ ጓደኞቹ ይጠብቁታል። ቂም ይዞ የገባም ቢሆን፣ ከሚመለስበት ቀዬ ጋር በሽማግሌ ሳይታረቅ ቢወጣ እጁ የተካነው ሙያ ብቻውን አያድነውም። ወሎ ደግሞ ለዚህ የሚሆን የሽምግልና ባህል አላጣም። ከዚህ ላይ የመሣሪያውም ጉዳይ አለ፤ የሽመና ዕቃ ሳይኖረው የሚፈታ ሸማኔ ምኑን ይዞ ሥራ ይጀምራል?

ጋቢውን ያለ ማመንታት ግዙ። የቤት ዕቃ የምታሠሩ ግን ልኩን በወረቀት ስጡ፣ ለቀብድ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ከመረከባችሁ በፊትም ዕቃውን ገልብጣችሁ ታችኛውን ገጽ በእጃችሁ ዳብሱ፤ በዓል ሲቃረብ ትእዛዝ ስለሚበዛ ቀደም ብሎ ማዘዝ ይሻላል።