ቶርት-3፦ ለሎብስተርና ለሸርጣን ጥሩ፣ ለኦይስተር ግን አይበቃም

የሎብስተርና የሸርጣን ሆድ ዕቃ ላይ የከባድ ብረት ምርመራ ለሚሠራ ላብራቶሪ፣ የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት የሚያዘጋጀው ቶርት-3 በጣም የሚስማማ ማመሳከሪያ ናሙና (በውስጡ ያለው መጠን አስቀድሞ የታወቀ፣ የራስን ንባብ የሚፈትኑበት) ነው። የደረቀ የሎብስተር ሄፓቶፓንክሪያስ ዱቄት ነው፤ የጉበትንና የቆሽትን ሥራ አጣምሮ የሚሠራው፣ ካድሚየም የሚከማችበት አካል ማለት ነው። የምስክር ወረቀቱ በደረቅ ክብደት ካድሚየም 42.3 ± 1.8፣ አርሰኒክ 59.5 ± 3.8፣ መዳብ 497 ± 22፣ እርሳስ 0.225 ± 0.018 ሚ.ግ/ኪ.ግ ይላል።

መዳቡ ከእርሳሱ ከ2,000 እጥፍ በላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። 0.25 ግራም ዱቄት በናይትሪክ አሲድና በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ማይክሮዌቭ ውስጥ ሟሙቶ 50 ሚ.ሊ ሲሞላ፣ መዳቡ 2.5 ሚ.ግ/ሊ ገደማ ይሆናል፤ እርሳሱ ግን 1.1 ማይክሮ ግራም/ሊ ብቻ ነው። ስለዚህ ለመዳብና ለካድሚየም አንድ ክፍሉን 20 እጥፍ አቅጥኖ፣ ለእርሳስ ሳያቀጥኑ ማንበብ ይሻላል። እርሳሱ ከፍ ብሎ ከመጣ ጠርሙሱ ከመወቀሱ በፊት ብላንኩ፣ ማለትም ናሙና ሳይጨመር የተሠራው አሲድ፣ እና የዕቃው አጠባ ይታይ።

ካድሚየሙ ዝቅ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እርጥበት ነው። ዱቄቱ 5 በመቶ እርጥበት ይዞ ሳይታረም ቢቀር ንባቡ ወደ 40.2 ይወርዳል፤ ከተፈቀደው ወሰን በታች ማለት ነው። እርጥበቱ በሌላ ቁንጥር ዱቄት ይለካ፤ በምድጃ የደረቀውን ለሜርኩሪ መጠቀም አይገባም፣ ሊተን ይችላልና።

አርሰኒክ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። አብዛኛው አርሰኖቤታይን የሚባል ከካርቦን ጋር የተሳሰረ ውህድ ስለሆነ በናይትሪክ አሲድ በቀላሉ አይበጠስም። አይሲፒ-ኤምኤስ (ናሙናውን በፕላዝማ አግሎ በአተሞቹ ክብደት የሚለካ መሣሪያ) ግድ የለውም፣ ፕላዝማው ራሱ ይሰባብረዋል፤ በሃይድራይድ ዘዴ (አርሰኒኩን ወደ ጋዝ ቀይሮ በሚለካው) የሚሠራ ግን ንባቡ አንሶ ያገኘዋል። ደግሞ አርሰኒኩ ብዙ ስለሆነ ከክሎሪን የሚመጣውን የአርጎን ክሎራይድ ጣልቃ ገብነት (ክብደቱ ከአርሰኒክ ጋር ስለሚገጥም እንደ አርሰኒክ የሚነበበውን) ይሸፍነዋል። እዚህ ላይ ውጤቱ አማረ ማለት አርሰኒኩ ጥቂት በሆነ ናሙና ላይም ያምራል ማለት አይደለም፤ ይህን ጣልቃ ገብነት የሚቀንሰው የመሣሪያው ሂሊየም ጋዝ ይከፈት።

ለኦይስተር ግን ብቻውን አይመከርም፤ የቶርት-3 ዚንክ 136 ሚ.ግ/ኪ.ግ ብቻ ነው፣ የኦይስተር ግን ከዚያ በጣም ይበልጣል። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኤንአይኤስቲ ያዘጋጀው 1566ቢ የኦይስተር ዱቄት 1,424 ዚንክ አለው፣ ካድሚየሙ ደግሞ 2.48 ነው። ሁለቱንም ዓይነት እንስሳ የሚመረምር ቤት ሁለቱንም ጠርሙስ ይግዛ።