የእንግሊዙ የአስታማሚ አበል፦ ውሰዱት፣ ግን ፔይስሊፓችሁን (የደመወዝ ወረቀታችሁን) አትጣሉ

እናቴን ቤት ሆኜ ማስታመም ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ኬረርስ አላወንስ የሚባለውንም አበል ስቀበል ቆይቻለሁ፣ እና እንደ ዕቃ ገምግሜ ልንገራችሁ። (ስኮትላንድ ያላችሁ የራሳችሁ ሌላ አላችሁ፣ ይሄ ለእናንተ አይደለም።)

ማመልከቻው አይከብድም። ኦንላይን ነው፣ አንድ ማታ እማዬን አስተኝቼ ጨረስኩት። የምታስታምሙት ሰው መጀመሪያ ራሱ የሕመም ወይም የአካል ጉዳት አበል ማግኘት አለበት፤ እማዬ አቴንዳንስ አላወንስ ነበራት። እናንተ ደግሞ በሳምንት ቢያንስ 35 ሰዓት ማስታመም አለባችሁ። 35? እኔ ሐሙስ ሳይደርስ እሞላዋለሁ። መድኃኒቱ፣ ገላ ማጠቡ፣ ሌሊት ሦስቴ መነሳቱ...

ብሩስ? በኤፕሪል 2025 በሳምንት 83 ፓውንድ ከ30 ሆኖ ነበር። ለ35 ስታካፍሉት በሰዓት 2 ፓውንድ ከ38 ሳንቲም ነበር። ሁለት ሰው ብታስታምሙም ያው አንድ ክፍያ ነው። ታሪኩን ሳነብ ግን ብዙም አልገረመኝም፤ በ1976 ሲጀመር ያገባች ሴት አይሰጣትም ነበር፣ ድሮም ቤት ናት ተብሎ ነዋ። እስከ 1986!

የሚያናድደው ሥራ ላይ ላለነው ነው። በኤፕሪል 2025ቱ ሕግ ታክስና ኢንሹራንስ ተቀንሶ በሳምንት ከ196 ፓውንድ በላይ ካገኛችሁ፣ በ1 ሳንቲምም ብታልፉ፣ አበሉ አይቀነስም፣ እንዳለ ይቀራል። ሳይታወቅ ከቆየ ደግሞ የወሰዳችሁትን መልሱ ትባላላችሁ፤ ብዙ ሺህ ፓውንድ ዕዳ የመጣባቸው ሰዎች ጉዳይ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ መንግሥት በ2024 ገለልተኛ ምርመራ እስኪያዝዝ ድረስ የደረሰ ነገር ነው። እኔ ፍሪጁ ላይ ካላንደር ለጥፌ የሠራሁትን ሰዓት በቀይ እስክሪብቶ እጽፋለሁ። ባለፈው ተጨማሪ ሺፍት ውሰጂ ሲሉኝ ካላንደሩ ፊት ቆሜ ሳሰላ በ4 ፓውንድ አለፈ። እምቢ አልኩ። እማዬ ግን ካላንደሩ የሐኪም ቀጠሮዋ ይመስላታል፣ "መቼ ነው የምንሄደው?" ትለኛለች።

ጥሩ ጎኑ፣ አበሉን እስከወሰዳችሁ ድረስ ለመንግሥት ጡረታ ይቆጠርላችኋል። ለእኔ ከብሩ ይልቅ እሱ ይሻላል።

ከአምስት ሦስት ኮከብ። ክፍያው እስከ ሦስት ወር ወደ ኋላ ሊታሰብ ይችላል፣ ስለዚህ ያልሞላችሁ ዛሬ ማታ ሙሉት።